የቱርክን ፊልም ለጀርመን ጎረቤት ያሳዩ ሰዎች

ኑረምበርግ ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን ችሎቱ ነው። የናዚ ባለሥልጣናት ከ1945 እስከ 1946 የተዳኙባት ከተማ ናት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ሌላ ነገር ነው። እዚያች ከተማ ውስጥ ከ1992 ጀምሮ የቱርክ ፊልም ፌስቲቫል አለ። ኤምባሲ አላቋቋመውም። አንድ ሀብታም ነጋዴም አልጀመረውም። የጀመሩት እዚያው የሚኖሩ፣ ሲኒማ የሚወዱ ሰዎች ናቸው። አሁንም የሚያዘጋጀው ኢንተርፎረም የሚባል የባህል ማኅበር ነው፣ ከከተማዋ የባህል ተቋም ጋር ሆኖ።

ስለ ፌስቲቫል ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ ተዋናዮቹና ስለ ሽልማቱ ነው። እኔ ደግሞ ኢሜይል ስለሚጽፉት፣ የእንግዳ ሻንጣ ስለሚቀበሉት፣ አዳራሽ ስለሚለምኑት ሰዎች መናገር እፈልጋለሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየው በእነሱ ነውና።

ነገሩ እንዲገባን ትንሽ ወደኋላ እንመለስ። ጀርመንና ቱርክ የሠራተኛ ስምምነት የተፈራረሙት ጥቅምት 30 ቀን 1961 ነው። ከዚያ በኋላ ከኢስታንቡል የተነሱ ባቡሮች ሙኒክ ጣቢያ፣ 11ኛው ሐዲድ ላይ ሰው ያራግፉ ጀመር። ከዚያ ሰዉ ወደየፋብሪካው ይበተናል። ኑረምበርግና አካባቢዋ ደግሞ ያኔ ፋብሪካ ሞልቷቸው ነበር። ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚሠራው ግሩንዲግ ነበር፣ የቤት ዕቃ የሚሠራው አኤጌ ነበር። ሰዎቹ "እንግዳ ሠራተኛ" ተባሉ። እንግዳ የተባሉት ትንሽ ቆይተው ይሄዳሉ ተብሎ ነበር። ብዙዎቹ አልሄዱም።

እነዚህ ሰዎች ፊልም ይወዱ ነበር። በእረፍት ቀናቸው ባቡር ጣቢያ አካባቢ ያሉ ሲኒማ ቤቶች የቱርክ ፊልም ያሳዩአቸው ነበር። በ1980ዎቹ ቪዲዮ ካሴት መጣና ፊልሙ ቤት ገባ። ቤተሰቡ ሳሎን ተሰብስቦ፣ መጋረጃ ዘግቶ፣ ያለቅሳል ይስቃል። ግድግዳው ማዶ ያለው ጀርመን ጎረቤት ድምፁን ይሰማል እንጂ ምን እንደሚያስለቅሳቸው አያውቅም። ይህን ሁሌም አስበዋለሁ። አንድ ሕንፃ ውስጥ ሃያ ዓመት ኖሮ፣ ጎረቤቱ የሚወደውን አንድ ተዋናይ እንኳ በስም አለማወቅ።

የኑረምበርጎቹ አዘጋጆች የሠሩት ትልቅ ነገር እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ "የቱርክ ፊልም ቀናት" ብለው ጀመሩ። የሀገር ቤትን ፊልም ማምጣት ማለት ነው፣ ናፍቆት ማስታገሻ። በኋላ ግን ስሙን "የቱርክና የጀርመን ፊልም ፌስቲቫል" አደረጉት። የጀርመን ፊልሞችም ከቱርክ ፊልሞች ጋር እኩል ለውድድር ይቀርባሉ። ጀርመንኛ ትርጉም ከሥር ይጻፋል። ከፊልሙ በኋላ ዳይሬክተሩ መድረክ ላይ ይወጣል፣ ጥያቄውም በሁለቱም ቋንቋ ነው። አንድ ቃል ስም ላይ መጨመር ቀላል ይመስላል። ግን "ኑ ሀገራችንን እዩልን" ከማለትና "እናንተም እኛም እዚሁ ነን፣ አብረን እንይ" ከማለት መካከል ሰፊ ልዩነት አለ። በእኔ እምነት ፌስቲቫሉን ያቆየው ይህ ውሳኔ ነው። ናፍቆት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሳተላይት ዲሽ የመጣ ቀን ያበቃለት ነበር።

ከመሥራቾቹ አንዱ ቱንጃይ ኩላኦግሉ ነው። በኋላ በርሊን ሄዶ ባልሃውስ ናውኒንሽትራሰ የሚባለው ቴአትር ቤት ውስጥ ሠርቷል፣ በጥበብ ዳይሬክተርነትም በጋራ መርቶታል። ቴአትር ቤቱ የስደተኛ ልጆች ታሪካቸውን ራሳቸው የሚናገሩበት መድረክ ሆኖ በመላው ጀርመን ታወቀ። ኑረምበርግ ላይ ደግሞ አዲል ካያ በፕሬዚዳንትነት፣ አይተን አክይልዲዝ በዳይሬክተርነት ለረጅም ዓመታት ሸክሙን ተሸክመዋል። ስማቸው ጀርመን ውስጥ እንኳ እንደ ፊልም ዳይሬክተሩ ፋቲህ አኪን አይታወቅም። ፋቲህ አኪን ሀምቡርግ የተወለደ የቱርክ ስደተኞች ልጅ ነው፣ በ2004 የበርሊን ፌስቲቫልን ወርቃማ ድብ ያሸነፈ። ሰዉ እሱን አየ፣ ተደነቀ። ነገር ግን ከዚያ ሽልማት አሥራ ሁለት ዓመት ቀድመው፣ ገና ማንም ግድ ሳይሰጠው፣ የቱርክ ፊልም ለማሳየት ወንበር የደረደሩ ሰዎች ነበሩ።

ሥራው ምን እንደሚመስል አስቡት። ስንቱን ፊልም አይቶ ጥቂቱን መምረጥ አለ። ገንዘብ ፍለጋ ከከተማው፣ ከክልሉ፣ ከስፖንሰሩ ደጅ መጥናት አለ። ለእንግዳ ሆቴል መያዝ አለ። ደግሞ ቪዛ አለ። የቱርክ ዜጋ ወደ ጀርመን ለመግባት ቪዛ ያስፈልገዋል። ፊልሙ በኢንተርኔት በደቂቃ ይደርሳል፣ ፊልሙን የሠራው ሰው ግን ቆንስላ ደጅ ወረፋ ይጠብቃል። ይህን ለሐበሻ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ፌስቲቫሉ ዋና ቤቱ ኩንስትለርሃውስ የሚባለው የባህል ማዕከል ነው፣ ከዋናው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት። አባቶቻቸው ሻንጣ ይዘው የወረዱበት ጣቢያ ማለት ነው። ግን ከተማዋ ለቱርኮች ሁሌ ደግ አልነበረችም። በመስከረም 2000 አንድ አበባ ሻጭ ኑረምበርግ ውስጥ በጥይት ተመታ። በ2001 ልብስ ሰፊው ተገደለ፣ በ2005 ደግሞ ኬባብ ሻጩ። ሦስቱም ከቱርክ የመጡ ነበሩ። ገዳዮቹ "ኤንኤስዩ" የሚባሉ ኒዮ ናዚዎች መሆናቸው የታወቀው በ2011 ነው። እስከዚያ ድረስ ፖሊስ የሟች ቤተሰቦችን ሲጠረጥር ኖረ። ጋዜጦችም ግድያዎቹን በኬባብ ስም ይጠሯቸው ነበር።

ፊልም ጥይት ያስቆማል አልልም። ግን እንዲህ እላለሁ፦ የሟችን ሚስት "ባልሽ የዕፅ ነጋዴ ነበር አይደል?" ብሎ መጠየቅ የሚቀለው የማያውቋት ሲሆን ነው። እነዚያ ዓመታት ሁሉ ሲያልፉ ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው አዳራሽ ክፍት ነበር። ጀርመኖችና ቱርኮች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ስክሪን ያዩ ነበር። ያ አዳራሽ መቶ ቢሆን ኖሮ ብዬ እመኛለሁ።

ሌላው የምወድላቸው ነገር ነፃነታቸው ነው። ፌስቲቫሉ በቱርካዊው የፊልም ተቺ ማህሙት ታሊ ኦንጎረን ስም የዴሞክራሲና የሰብዓዊ መብት ሽልማት ይሰጣል። ይህ ጌጥ አይደለም። ቱርክ ውስጥ ፊልም ሰሪ መሆን ምን ያህል እንደሚከብድ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። ፕሮዲውሰር ቺደም ማተር በሚያዝያ 2022፣ በ2013 ኢስታንቡል ውስጥ በተነሳው የጌዚ ፓርክ ፀረ መንግሥት ተቃውሞ ክስ 18 ዓመት ተፈረደባት። ክሱ ውስጥ የቀረበባት አንዱ ነገር ስለ ተቃውሞው ልትሠራው ያሰበችው ፊልም ነው። ፊልሙ አልተሠራም! በ2023 ደግሞ አንጋፋው የአንታሊያ ፊልም ፌስቲቫል በአንድ ዶክመንተሪ ምክንያት በተነሳ ውዝግብ ጭራሽ ተሰረዘ። እንዲህ ባለ ጊዜ ከሀገር ውጭ ያለ፣ ከመንግሥት እጅ የራቀ ፌስቲቫል ትርፍ ነገር አይሆንም። ሀገር ቤት የተዘጋበት ሰው የሚናገርበት ቦታ ነው። ለዚህም ነው ገንዘቡን ከየት ያመጣሉ የሚለው ጥያቄ ከባድ የሚሆነው። የሰጠ ማዘዝ ሊያምረው ይችላል። ስለዚህ የኑረምበርግ ከተማና የባቫሪያ ክልል ይህን ሥራ በየዓመቱ እንደ አዲስ የሚለመን ነገር ባያደርጉት ደስ ይለኛል። ቋሚ በጀት፣ ቋሚ ደመወዝ ይገባዋል። በፍቅር የተጀመረ ሥራ ሁሌም በፍቅር ብቻ ይኑር ማለት ግፍ ነው። ሰዎቹም ያረጃሉ።

ይህን ሁሉ ስጽፍ የራሳችን ሰዎች ትዝ ይሉኛል። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በ1993 "ሳንኮፋ"ን ሠርተው አሜሪካ ውስጥ አከፋፋይ አጡ። ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ራሳቸው አሳዩት። ዋሽንግተን ጆርጂያ አቬኑ ላይ በዚያው ስም የመጻሕፍት ቤት ከፈቱ። በ2008 የቬኒስ ፌስቲቫልን የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘው ፊልማቸው "ጤዛ" ደግሞ ከታሪኩ ከፊሉ ጀርመን ውስጥ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ አንበርብር ምሥራቅ ጀርመን ውስጥ በዘረኞች ተደብድቦ፣ በመስኮት ተወርውሮ፣ እግሩን ያጣል። ይህ የጀርመንም ታሪክ ነው። ግን ፍራንክፈርትና ሙኒክ ካለን ሐበሾች መካከል ስንቶቻችን ነን ይህን ፊልም ከጀርመን የሥራ ባልደረባችን ጋር ያየነው?

መደራጀት አቅቶን አይደለም። የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ ሺዎችን አንድ ከተማ ላይ ይሰበስባል። እዚህ ጀርመንም ማኅበር አለን፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አለን፣ የቡና ሥነ ሥርዓት የማያመልጠው የሰፈር በዓል አለን። ለፊልም የሚያስፈልገው አንድ አዳራሽ፣ አንድ ቅዳሜ፣ አራት አምስት የማይታክቱ ሰዎች ናቸው። እኔ በ"ጤዛ" እንጀምር ባይ ነኝ። ጥሪ ወረቀቱ ደግሞ በጀርመንኛ ይጻፍና መጀመሪያ በአንድ ሕንፃ ለምንኖር ጎረቤቶቻችን ይታደል።