ለአስታማሚዋም ማስክ ይቆጠርላት

በ2013 ዓ.ም. ወንድሜን ኮሮና ያዘው። አምስት ሆነን የምንኖረው አንድ ሳሎንና አንድ መኝታ ክፍል ባለው የኪራይ ቤት ነበር። ባለሙያው በስልክ የነገረን ግልጽ ነው። ክፍሉ ለብቻው ይሁን፣ ዕቃው ይለይ፣ ትኩሳቱን ተከታተሉ፣ ትንፋሽ ካጠረው ቶሎ ደውሉ። ሁሉም ስለ ወንድሜ ነበር። ቀን ከሌሊት ስለምታገላብጠው እናቴ አንድም ቃል አልተነሳም። እናቴ ደግሞ የስኳር ታማሚ ናት። በስድስተኛው ቀን እሷም ተኛች።

ፈጣሪ ይመስገን፣ ሁለቱም ተርፈዋል። ግን እናቴ ከዚያ ወዲህ ደረጃ ስትወጣ መሀል ላይ ቆማ ታርፋለች።

የመጀመሪያው ታማሚ በአገራችን የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ ወደ ሕክምና ማዕከል ይወሰድ ነበር። ኤካ ኮተቤ ሆስፒታልን፣ በኋላም ሚሊኒየም አዳራሽን የማያስታውስ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ቁጥሩ ሲጨምር ምልክት የሌላቸውና ሕመሙ ያልጠናባቸው እቤታቸው እንዲቆዩ ተደረገ። ይህንን አልቃወምም፤ አልጋው ለባሰበት መተው ነበረበት። ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። የነርሷ ሥራ ወደ ቤት ሲመጣ መከላከያዋ እዚያው ሆስፒታል ቀረ። ነርሷ ማስክ፣ ጓንትና ሥልጠና ነበራት። እናቴ የነበራት ነጠላዋ ብቻ ነው።

ማን ያስታምም የሚለው ጥያቄ በየቤታችን አይጠየቅም። ልማዱ ወስኖ ጨርሶታል። ወይ እናት ናት፣ ወይ ታላቅ ሴት ልጅ፣ ወይ የቤት ሠራተኛዋ። የሕክምናው ምክር ግን ሌላ ነው። የሚያስታምመው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ እሱም ጤነኛ፣ በዕድሜ ያልገፋ፣ ስኳር፣ ግፊት ወይም የልብ ሕመም የሌለበት ይሁን ይላል። እኛ ጋ ደግሞ ሁሉም ተራ በተራ ይገባል፤ ብዙውን ሰዓት የምትቀመጠው ግን ልትገባ የማይገባት እናት ናት።

የቤት ሠራተኞቹ ነገር ለብቻው ሊነሳ ይገባዋል። ለበሽተኛው ሾርባ የምታስገባው እሷ፣ አንሶላውን የምታጥበው እሷ፣ ወለሉን የምትወለውለው እሷ ናት። አልገባም ማለት አትችልም፤ ደመወዟም ማደሪያዋም እዚያው ቤት ነው። ብትታመም ብዙ ጊዜ የሚጠብቃት ወደ አገር ቤት የሚሄድ አውቶቡስ ነው፤ በሽታውን ለራሷ እናት ይዛ ትገባለች። ሠራተኛ ያለው ሰው ይህንን ልብ ይበል። እንድትገባ ካዘዝናት ማስኩን የምንገዛላት እኛ ነን፤ ከታመመችም የምናስታምማት እኛ ነን።

መስኮትን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ወንድሜ የተኛበት ክፍል መስኮት አንድ ሳምንት ሙሉ አልተከፈተም። ሊጠይቅ የመጣው ሁሉ «ኧረ ዝጉት፣ ብርድ ይመታዋል» ይላል። በዚያ ላይ ባሕር ዛፍ ሲታጠን እናቴ አብራው ጋቢው ሥር ገብታ ትደግፈው ነበር። ኮሮና የሚተላለፈው ይበልጡን በትንፋሽ ነው፤ የታመቀ አየር ውስጥ ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ በመጋቢት 2012 በአየር አይተላለፍም ብሎ ነበር፣ አቋሙን የለወጠው ቆይቶ ነው። እናም በእናቴ አልፈርድም። አሁን ግን እናውቃለን። በሽተኛውን ጋቢ አልብሶ መስኮቱን መክፈት ነው። በርና መስኮት ፊት ለፊት ከሆኑ ሁለቱንም ለጥቂት ጊዜ መክፈት ይበልጥ ይረዳል፤ የቀረው ቤተሰብ ያለው ወደ ውጭ ከሆነ ማለቴ ነው፣ ሳሎን ውስጥ ከሆነ በሩ ይዘጋ።

ማስክ ደግሞ የሁለቱም ነው። አስታማሚዋ ስትገባ በሽተኛውም ያድርግ፣ መተንፈስ እስካልከበደው ድረስ። እስኪጠቁር የሚደረግ ማስክ አይጠቅምም፤ ከረጠበ ይጣል። ስትወጣ እጇን በሳሙና ትታጠብ። ሳህኑና ብርጭቆው በሳሙና ከታጠበ ይበቃዋል፣ መጣል የለበትም። በረኪና የምትጠቀሙ ከሌላ ማጽጃ ጋር አታደባልቁት፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ጠያቂም ያመጣውን በር ላይ አስቀምጦ በስልክ «እግዜር ይማርህ» ቢል ማንም አይቀየመውም።

ከጤና ቢሮዎች የምጠብቀው ብዙ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ቤት ለቤት ይሄዳሉ፤ መንገዱ አለ። ቀጣዩ ወረርሽኝ ሲመጣ አንድ ሰው እቤትህ ቆይ ሲባል በዚያው ስልክ አስታማሚዋም ትጠየቅ። የሁለት ሳምንት ማስክ በስሟ ይቆጠርላት። በየሁለት ቀኑ እሷንም «አንቺስ እንዴት ነሽ?» የሚል ሰው ይደውልላት።

ያን ቀን የደወለው ባለሙያ «የሚያስታምመው ማነው? ሌላ ሕመም አለበት ወይ?» ቢለን ኖሮ የምገባው እኔ ነበርኩ። 27 ዓመቴ ነበር፤ አንድም ሕመም አልነበረብኝም። እሱ አልጠየቀም። እኔም በር ላይ ቆሜ ሾርባውን ለእናቴ አቀብላት ነበር።