ሶፋዬን ለማውረድ የማንንም ፈቃድ አልጠይቅም

በምኖርበት ኮንዶሚኒየም መግቢያ በር ላይ ባለፈው ሳምንት ማስታወቂያ ተለጠፈ። «ወደ ሳይቱ የሚገባም ሆነ ከሳይቱ የሚወጣ ማንኛውም ነዋሪ ዕቃውን የሚያስጭነውና የሚያስወርደው በግቢው በተደራጁ ጫኝና አውራጆች ብቻ መሆኑን እናሳውቃለን» ይላል። ከሥሩ ክብ ማኅተም አርፎበታል። እሑድ ዕለት በተጠራው ስብሰባ ላይ «ለምን?» ብለን ስንጠይቅ ከኮሚቴው አባላት አንዱ ተነሡና «ሠለጠንን እያልን እስከ መቼ ሶፋ በትከሻችን እንሸከማለን? ውጭ አገር እኮ ማንም ሰው ዕቃውን ራሱ አያጓጉዝም፣ ለባለሙያ ነው የሚሰጠው» አሉን። ያጨበጨበም ነበር። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ንዴቴ አልበረደልኝም።

ባለንብረት ዕቃውን ራሱ ጭኖ ራሱ ማውረድ እንደሚችል የከተማው አስተዳደር ስንት ጊዜ እንደተናገረ ይህን የሚያነብ ሁሉ ሰምቷል። ያንን የሰማ ኮሚቴ ነው እንግዲህ ማኅተም አድርጎ ተቃራኒውን በር ላይ የለጠፈው።

«ውጭ አገር» ከምትለዋ ልጀምር፤ ስብሰባውን ያሸነፈችው እሷ ናትና። የትኛው ውጭ አገር? አሜሪካ ዘመድ የሌለው ሰው በአዳራሹ የነበረ አይመስለኝም። ደውላችሁ ጠይቁ። ዩሆል የሚባለው ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1945 ተጎታች በማከራየት ጀምሮ ትልቅ የሆነው የዕቃ ማጓጓዣ መኪና አከራይቶ ነው፤ የሚከራዩትም ራሳቸው ነድተው፣ ራሳቸው ጭነው፣ ራሳቸው የሚያወርዱ ሰዎች ናቸው። ያንን ብርቱካንማና ነጭ ቀለም ያለው መኪና የማያውቅ የዋሽንግተን፣ የሲልቨር ስፕሪንግ ወይም የአሌክሳንድሪያ ሐበሻ የለም። ቅዳሜ ጠዋት ጓደኞቹን ጠርቶ ፍራሹን ያወርዳል፣ ከሰዓት በኋላ እንጀራ ቀርቦ አብረው ይበላሉ። ሥልጣኔ ይህን ከለከለ የሚል ሕግ እዚያ አልወጣም።

ባለሙያ የሚቀጥረውስ? እሱም ቢሆን በር ላይ ደርሶ ዋጋ አይቆረጥበትም። ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ዕቃ የሚያጓጉዝ ድርጅት አስቀድሞ የዋጋ ግምቱን በጽሑፍ የመስጠት ግዴታ አለበት። ግምቱ የመጨረሻ ዋጋ ባይሆን እንኳ ዕቃውን ሲያስረክብ ከግምቱ ከአንድ አሥረኛ በላይ ጨምሮ «ካልከፈልክ አላወርድም» ማለት አይችልም። ዕቃ ከሰበረ፣ ባለቤቱ ርካሹን የካሳ ዓይነት መርጦ ቢሆን እንኳ፣ ለእያንዳንዱ ፓውንድ ክብደት (0.45 ኪሎ ገደማ) 60 የአሜሪካ ሳንቲም ይከፍላል። መቶ ኪሎ የሚመዝን ፍሪጅ 132 ዶላር ገደማ ይመጣል ማለት ነው። ትንሽ ነው፣ የፍሪጁን ዋጋ አይተካም፤ ነገር ግን ተጽፎ የተፈረመ ነው። የእኛ ኮሚቴ ከውጭ አገር የወሰደው «ባለሙያ» የሚለውን ቃል ብቻ ነው። የጽሑፍ ግምቱን፣ ካሳውንና የመምረጥ መብቱን እዚያው ትቷቸው መጣ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ባለሙያ ማለት ምን ማለት ነው? ልብስ ሰፊ ጋ ሄጄ እጅጌውን ቢያጣምምብኝ ሁለተኛ ጊዜ ጨርቄን ሌላ ዘንድ እወስዳለሁ። መካኒኩ መኪናዬን ካበላሸ ጋራዥ እቀይራለሁ። ግንበኛው ግድግዳውን ካዛነፈ ቀሪ ሒሳቡን ሰጥቼ አሰናብተዋለሁ፣ ለጎረቤቴም እነግራለሁ። ሰፊውን ሰፊ፣ ግንበኛውን ግንበኛ ያደረገው «እምቢ» ልለው መቻሌ ነው። ሙያ የሚባለው ነገር የሚያድገው ደንበኛ ጥሎ እንዳይሄድ በመፍራት ነው። ጥሎ መሄድ የማይችል ደንበኛ የተሰጠው ሰው ለምን ይማራል? ለምን ብርድ ልብስ ይዞ ይመጣል? ለምን ገመድ ይገዛል? ለምን የቁም ሳጥኑን ብሎን በቁልፍ ይፈታል፣ ገንጥሎ መጣል ሲችል? ብሩ እንደሆነ አይቀርበትም። ሰባራ ቡፌም ያውርድ ደህና ቡፌ ያው ነው የሚከፈለው።

ይህን ከሜዳ ተነሥቼ አልጻፍኩትም። ከአራት ዓመት በፊት ወደዚህ ግቢ ስገባ አይሱዙ የተከራየሁት በ3,500 ብር ነበር። ሁለት ወንድሞቼ፣ የባለቤቴ አጎትና አንድ የሥራ ባልደረባዬ አብረውኝ ነበሩ። ከድሮው ቤት ሁሉንም ራሳችን ጫንን፣ አንድ ሲኒ አልተሰበረም። በር ላይ ስንደርስ ስምንት ጫኝና አውራጅ ልጆች መኪናውን ከበቡት። አንዱ ጎማው ላይ ወጥቶ ሸራውን ገለጠና ቆጠራ ጀመረ፤ ፍሪጅ፣ ቡፌ፣ ቁም ሳጥን፣ ቴሌቪዥን። «12,000» አለ። እኛ እናወርዳለን ስንለው «አውርዱ፣ ግን ትከፍላላችሁ» አለ። ላልሠራው ሥራ!

እስቲ ይህ ዋጋ ከየት እንደመጣ አስቡት። ወደ ቤታችን ስንት ፎቅ እንደሚወጣ አልጠየቀም። ስንት ሰው፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አላሰበም። ያየው ሌላ ነገር ነው። ሹፌሩ ሰዓቱን እያየ ይነጫነጫል። ሰማዩ ጠቁሯል። ባለቤቴ የስምንት ወር ልጅ ታቅፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። የድሮውን ቤት ቁልፍ አስረክበናል፣ መመለሻ የለንም። የተተመነው ይህ ነው፤ ጭንቀታችን ነው በብር የተቆረጠው። በማግስቱ ረፋድ ላይ ብራ ሆኖ፣ ልጅ ሳይኖር፣ ያንኑ ዕቃ ቢያወርዱ ዋጋው ግማሽ አይሞላም ነበር። እንግዲህ ይህን የጉልበት ዋጋ ነው የሚለኝ ካለ በአደባባይ ያስረዳኝ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1952 ሲወጣ፣ ቁጥር 1706 ላይ፣ ተገዶ የገባበትን ውል ሰው ማስፈረስ እንደሚችል ጽፏል። ዝናብ ሊወርድ ሲል፣ በስምንት ጎረምሳ ተከቦ «እሺ» ያለ ሰው ምን ዓይነት ውል ገባ ይባላል?

7,000 ከፈልን። ፍሪጁን በጎኑ አጋድመው ተሸክመው አስገቡት፤ ወንድሜ ለሰዓታት ሳይሰካ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ባያደርገው ኖሮ ዘይቱ ወደ ቱቦው እንደፈሰሰ ሞተሩን አስነሥተን እናቃጥለው ነበር። የቡፌው መስታወት ደረጃው ላይ ተሰነጠቀ። ከሁሉ አንጀቴን የቆረጠው ግን ምጣዱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሸክላ ነው፣ ሽቦው ከሥሩ በተቦረቦረ መስመር ውስጥ ነው የሚተኛው። አንዴ ጠለቅ ያለ ስንጥቅ ከገባበት አለቀለት። ቤት የለወጠ ሁሉ የሚያውቀው ነው፦ ምጣድ ከዕቃ ጋር አይጫንም፣ ጋቢና ውስጥ ሰው ጭን ላይ ነው የሚሄደው። እኛም እንደዚያ ነበር ያመጣነው። አንዱ ልጅ ከባለቤቴ አጎት እጅ «ለኛ ተውልን፣ ሥራችን ነው» ብሎ ተቀበለና ከሮቶው ሥር ካለው በርሜል ላይ ደገፍ አደረገው። በርሜሉ ተንከባለለ። እናቴ ለሠርጌ የሰጠችኝ ምጣድ ነበር። ማን ከፈለኝ? ማንን ልጠይቅ? ደረሰኝ የለ፣ ስም የለ፣ ውል የለ። «ባለሙያ» የተባለው ይህ ነው።

ወንድሞቼ ባለሙያ አይደሉም። የባለቤቴ አጎት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ግን ያ ምጣድ የማን እንደሆነ ያውቃሉ። ቀስ ብለው የሚይዙት ሥልጠና ስለወሰዱ ሳይሆን ነገ መጥተው ከእሱ የወጣ እንጀራ ስለሚበሉ ነው። ይህን ማንም በ12,000 ብር አይሸጥልኝም።

«ወጣቶቹ ሥራ ፈጥረው ነው፣ ከስርቆት ይሻላል» የሚለውንም ሰምቻለሁ። ሥራውን አከብራለሁ። ሊፍት በሌለው ጂ ፕላስ 4 ሕንፃ ቁም ሳጥን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ መውጣት ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው፤ ለዚያ የሚጠየቅ ተገቢ ዋጋ አይቆጨኝም። ብቻዋን የምትኖር እናት፣ አቅም ያነሰው አዛውንት፣ ዘመድ አጠገቡ የሌለው ሰው ይጥራቸው። ዋጋቸውን በሰሌዳ ይለጥፉ፣ ለሰበሩት ይክፈሉ፣ እኔም እጠራቸዋለሁ። ግን «ከስርቆት ይሻላል» ማለት ለወጣቶቹ ራሱ ስድብ ነው። ካልከፈልናቸው ይሰርቁናል ብሎ በማኅተም ማጽደቅ ምን የሚሉት አስተዳደር ነው?

«ደረጃና ግድግዳ ይበላሻል» ላሉት ደግሞ መልሱ አጭር ነው። ያበላሸ ይክፈል። የኮሚቴው ሥልጣንም እዚያው ላይ ያበቃል። የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 ማኅበር እንዲቋቋም የፈቀደው የጋራ የሆነውን እንዲያስተዳድር ነው፤ ደረጃውን፣ ጣሪያውን፣ ግቢውን። ሶፋዬ የጋራ መጠቀሚያ አይደለም። ወንድሜም የጋራ መጠቀሚያ አይደለም። የዕቃ መውጫ ወረቀት ይጠይቁኝ፣ እሰጣለሁ፤ ሌባ እንዳይወጣ ነው፣ ይገባኛል። ማን እንደሚሸከምልኝ መምረጥ ግን የእነሱ ጉዳይ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ላይ የመኖሪያ ቦታ የመምረጥ ነፃነት ሲሰጠኝ በር ላይ 12,000 ብር የከፈልኩ እንደሆነ የሚል ቅድመ ሁኔታ አላስቀመጠም።

ይህ ክፍያ በጣም የሚጎዳው ደግሞ ተከራዩን ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ሲወጣ ብዙዎቻችን እፎይ ብለን ነበር። ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደነገገ። አከራዩ እንዳሻው እንዳያፈናቅል ማለት ነው፤ ጥሩ። ያ ተከራይ ግን ቤት ሲቀይር የሁለት ወር ቅድመ ክፍያ አዋጥቶ፣ ለደላላ ከፍሎ፣ ለአይሱዙ ከፍሎ፣ ኪሱ ባዶ ሆኖ ነው በር ላይ የሚደርሰው። ከአከራዩ የጠበቀው ሕግ በሩ ላይ ሲደርስ ጥሎት ይሄዳል። በልማት ምክንያት ከካዛንቺስ ተነሥቶ ገላን ጉራ የገባውን ሰው ደግሞ አስቡት። መሄድን ራሱ የመረጠ አይደለም፤ ዕቃውን በልጆቹ እጅ እንኳ እንዳያስገባ «ብቻ» የምትል ቃል በር ላይ ብትጠብቀው ምን ይሰማዋል?

አዲስ ቤት የገባን ሰው እኛ «ቤት ለእንቦሳ» ነው የምንለው። «እንቦሳ እሰሩ» ተብሎ ይመለስልናል። አዲስ ጎረቤት መጣ ሲባል ቡና ይፈላል፣ ልጆች ጄሪካን ይቀበላሉ፣ አንዱ የአልጋውን እግር ይይዛል። ገጠር ያደገ ሰው ቤቱን የሚሠራውም አዝመራውን የሚሰበስበውም በደቦ ነው፤ ሶፋ ለመሸከም ወንድሙን መጥራቱ ያልሠለጠነ የሚያሰኘው ከመቼ ወዲህ ነው? እኔ እዚህ ግቢ ስገባ መጀመሪያ የሰማሁት ቃል «12,000» ነው። የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ሊያግዙን ወጥተው ነበር፣ ከልጆቹ ጋር ላለመጣላት ተመልሰው ገቡ። አራት ዓመት ሙሉ ያንን ቀን ሲያነሡ ያፍራሉ። ማፈር የነበረባቸው እሳቸው አልነበሩም።

የእህቴ ልጅ በሚቀጥለው ወር ብሎካችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይታ ትገባለች። አይሱዙ ተነጋግረናል፤ ሁለቱ ወንድሞቼና ሦስት የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿ ይመጣሉ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በሩ ጋ እንደርሳለን፣ ዕቃውን ራሳችን እናወርዳለን፣ ላልተሠራ ሥራ አንድ ብር አንከፍልም። ይህንኑ ለኮሚቴው በጽሑፍ አሳውቄያለሁ፣ ግልባጩን ለወረዳው አስገብቻለሁ፣ ገቢ የሆነበት ቁጥር እጄ ላይ ነው። ማስታወቂያው እስከዚያ ካልተነሣ ከነማኅተሙ ፎቶ አንሥቼው ለፖሊስ ጣቢያ አቀርበዋለሁ። ምጣዱን ጋቢና ውስጥ እኔ ራሴ ታቅፌው እመጣለሁ።