ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር ቀይ ጽጌረዳ

ለክቡር ቀይ ጽጌረዳ
በሁለቱ መደቦች መካከል፣ ያለ ፈቃድ በቆሙበት

ጉዳዩ፦ የወላጆችዎን ማንነት እንዲያሳውቁ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣

ጎረቤቶቹ እንስሳት በሆኑበት የቪዲዮ ጨዋታ፣ በአኒማል ክሮሲንግ፦ ኒው ሆራይዘንስ ደሴት፣ አዲስ ቀን የሚጀምረው ከንጋቱ 11 ሰዓት ነው። እርስዎም ሰዓት አክባሪ ነዎትና ቀኑ እንደተለወጠ፣ በሁለት የአበባ መደቦች መካከል በቀረችው አንዲት ባዶ ካሬ ላይ ተሰይመው ተገኝተዋል። ያውም ቀይ ሆነው! እኔ ውኃ ሳመላልስ የከረምኩት ለሰማያዊ ነበር፤ ግን ይሁን፣ ቀይ መሆን አያስከስስም። የምጠይቅዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የማን ልጅ ነዎት?

ነገር ፍለጋ እንዳይመስልብኝ ላስረዳ። በግራዎ ያሉት ቀዮች ከሱቅ ከተገዛ ዘር የበቀሉ ናቸው፤ የተተከሉትም እርስ በርስ ተዳቅለው ጥቁር እንዲወልዱ ነው። በቀኝዎ ያሉት ቀዮች ደግሞ ብርቱካናማና ሐምራዊ ተዳቅለው የተገኙ ድቅሎች ናቸው፤ ከእነሱ የሚጠበቀው ሰማያዊ ነው። ሁለቱ ወገኖች በቅጠልም፣ በአበባም፣ በቁመትም ቁርጥ አንድ ናቸው። አዲስ የሚወለድ አበባ ወላጁን ከከበቡት ስምንት ካሬዎች በአንዱ ላይ እንደሚወጣ እርስዎም ያውቃሉ። ከዚህ ሁሉ ቦታ እርስዎ መርጠው የቆሙት ለግራውም ለቀኙም እኩል ጎረቤት የሆነችውን ካሬ ነው። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የማየው የሚደብቀው ነገር ባለው ላይ ብቻ ነው።

ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2020 ሲወጣ፣ ሰላም ፈላጊ ሁሉ አበባ ተክሎና ቢራቢሮ አሳድዶ ሊያርፍ ነበር የገባው። ብዙም ሳይቆይ ተጫዋቾች የጨዋታውን ኮድ ከፍተው ሲያዩ፣ ከቅጠሉ ሥር አንድ ሙሉ የዘረመል መዝገብ ተቀምጦ አገኙ። ለቱሊፑም ለሊሊውም ሦስት ጥንድ ዘረመል ሲበቃቸው፣ እናንተ ጽጌረዳዎች አራት ካልሆነ አላችሁ። እያንዳንዱ ጥንድ ሦስት ዓይነት ሊሆን ስለሚችል፣ የአንድ ጽጌረዳ ውስጠ ምሥጢር 81 ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ከ81ዱ ሰማያዊ የሚሆነው አንዱ ብቻ ነው። በቀኝዎ ያሉት ሁለት ድቅሎች ሲገናኙ ያንን አንዱን የመውለድ ዕድላቸው ከ64 አንድ ነው። ያውም መውለድ ደስ ያላቸው ዕለት! ውኃ የጠጣ አበባ በአንድ ሌሊት ልጅ የሚሰጥበት ዕድል ሲጀመር 5 በመቶ ያህል ነውና፣ አብዛኛው ንጋት የሚያልፈው እኔና ማጠጫው ተፋጥጠን ነው።

እርግጥ ነው፣ ከሌላ ደሴት የመጣ እንግዳ ቢያጠጣ ዕድሉ ከፍ ይላል። አምስት ሰው ሲያጠጣማ አበባው በወርቃማ ብልጭታ ይሸፈናል። ነገር ግን አምስት ጎልማሶችን በምሽት ሰብስቦ «እባካችሁ ጽጌረዳዬን አጠጡልኝ» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ተጠጪ እንጂ ጠሪ ሆነው ስለማያውቁ አልፈርድብዎትም።

«መልኬን እያዩ ለምን ይጠራጠሩኛል?» ይሉኝ ይሆናል። ግሪጎር ሜንዴል የተባለ መነኩሴ በገዳሙ አትክልት ቦታ አተር ሲያዳቅል ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1866 ያሳተመው ጽሑፍ የእርስዎን ጉዳይ ዘግቶታል። ሁለት አተሮች በመልክ አንድ ሆነው በውስጣቸው የተሸከሙት ሊለያይ ይችላል፤ ማንነታቸው የሚታወቀው በልጆቻቸው ነው። ከዚያ ወዲህ በመልክ መማል ቀርቷል።

ስለዚህ ምርመራው እንደሚከተለው ይካሄዳል። ነገ በአካፋ ተነቅለው ከገደሉ ሥር ወዳለው ገላጣ ቦታ ይዛወራሉ። ከጎንዎ አንድ ቢጫ ጽጌረዳ ይቆማል፤ እሱ ከዘር ከረጢቱ ወጥቶ በገዛ እጄ የተተከለ ስለሆነ በማንነቱ ላይ ጥርጣሬ የለም። ሌላ አበባ በአካባቢው አይደርስም። እርስዎ ከሱቅ ዘር የመጡ ከሆነ፣ ከቢጫው ጋር የሚወልዱት ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ብቻ ነው። ድቅል ከሆኑ ግን ከስምንት ልጆች አንዱ ነጭ ሊሆን ይችላል፤ ያ ነጭ የተወለደ ቀን ክርክሩ ያበቃል። እስከዚያው ብርቱካናማ እየወለዱ «ይኸው መለስኩልዎት» እንዳይሉኝ፤ ብርቱካናማን ድቅሉም ይወልዳል። ቢጫም እንዲሁ። አዎን፣ የእርስዎ ዝምታ ምንም አያረጋግጥም፤ ይህንን ሳያውቁ በዚያ ካሬ ላይ ቆሙ ቢሉኝ አላምንም።

ቢጫውን መርማሪ ባላቆምብዎትስ? ብቻዎን የተተዉ እንደሆነ ራስዎን ይገለብጣሉ። አጠገቡ የሚዳቀለው አቻ ያጣ አበባ የሚወልደው የራሱን ግልባጭ ነውና፣ አንድ ማንነቱ ያልታወቀ ቀይ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እየሆኑ ደሴቱን ይወርሱታል። ብቀጥፍዎት ግንድዎ ይቀርና ከጥቂት ቀናት በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ እንደገና ያብባሉ። በላይዎ ላይ ብሮጥ የሚረግፈው አበባው ብቻ ነው። መፍትሔው አንድ በአንድ በአካፋ መንቀል ነው፤ አካፋው ደግሞ ሥራ ሲበዛበት ይሰበራል። በዚህ መሃል ጎረቤቴ እንቁራሪት ማጠጫዋን አንጠልጥላ መጥታ፣ ከመደቡ ሁሉ መርጣ እርስዎን ስታጠጣ አይቻለሁ። አይዞህ ያለዎት ሰው እንዳለ ገብቶኛል።

ውለታዎን እንዳልክድ፣ ቤተሰብዎ ትልቅ ቤተሰብ ነው። ከሱቅ ዘር ከመጡት ቀዮች ጥቁሩ ይወለዳል፤ ጥቁሩም በወርቅ ማጠጫ ሲጠጣ ወርቃማ ይወልዳል። የማጠጫው አሠራር የሚሰጠው ደሴቱ በጨዋታው ምዘና አምስት ኮከብ ሲደርስ መሆኑ የሌላ ቀን ብሶት ነው። ሰማያዊውን የመደበቅ ጠባይ ግን ከጨዋታው ውጭም የሚከተላችሁ ይመስላል። እውነተኛው ጽጌረዳ ዴልፊኒዲን የተባለውን የሰማያዊ ቀለም ምንጭ በተፈጥሮው አይሠራም። ጃፓኖች ዘረመሉን ከፓንዚ አበባ ተውሰው ያስገቡበት ጽጌረዳ እ.ኤ.አ. በ2009 ለገበያ ሲቀርብ እንኳ፣ ላየው ሰው ሰማያዊ ከማለት ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ማለት ይቀልለው ነበር። ሳይንቲስት ያላሸነፋችሁ እኔን በማጠጫ ስታዩ መሳቃችሁ አይገርምም።

እንግዲህ ወላጆችዎን በፈቃድዎ ካሳወቁ፣ ከቀኝ ወገን ከሆኑ መደብዎ ውስጥ የክብር ቦታ ይሰጥዎታል። ከግራ ወገን ከሆኑ ደግሞ ለሱቁ ወንድማማቾች ተሸጠው ለአካፋ መግዣ ይውላሉ። ሁለቱም አይደለሁም፣ ከግራና ከቀኝ ተዳቅዬ የተወለድኩ ነኝ የሚሉ ከሆነ ግን፣ እባክዎን አይንገሩኝ።

ከአክብሮት ጋር
የደሴቱ ነዋሪና የውኃ አመላላሽ

ግልባጭ፦
ለሰማያዊ ጽጌረዳ፣ ባሉበት
ለቢጫ ጽጌረዳ፣ ለምርመራው ነገ ጠዋት ዝግጁ እንዲሆኑ
ለእንቁራሪት ጎረቤቴ፣ ማጠጫዎን ወደ ሌላ መደብ እንዲያዞሩ