ማስተካከያ፦ ኢትዮሳት ሪሲቨር በመቀየር ብቻ አይመጣም
«ኤችዲ ሪሲቨር ግዙ፣ ዲሹን መንካት አያስፈልግም» የሚል ምክር ስለ ኢትዮሳት፣ ማለትም የኢትዮጵያ ቻናሎች ስለሚተላለፉበት የሳተላይት ስርጭት፣ እየዞረ ነው። ግማሹ ልክ ነው። ቻናሎቹ የሚተላለፉት በኤምፔግ-4፣ ማለትም በአዲሱ የምስል መጭመቂያ ዘዴ፣ ስለሆነ የድሮው ኤስዲ ሪሲቨር ምስል አያወጣም። አሥር ጊዜ ስካን ቢደረግም ያው ነው።

የዲሹ ነገር ግን ስህተት ነው። ብዙ ዲሽ የዞረበት ሳተላይት፣ ናይልሳት፣ 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው። ኢትዮሳት የሚተላለፍበት ሳተላይት፣ ኤንኤስኤስ-12፣ ደግሞ 57 ዲግሪ ምስራቅ ላይ። ከአዲስ አበባ ሲታይ የመጀመሪያው ወደ ምዕራብ ዝቅ ይላል፤ ሁለተኛው ወደ ደቡብ ምስራቅ፣ በጣም ከፍ ብሎ ነው። ስለዚህ ዲሹ ፊቱን ማዞር ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላ ጋደል ማለትም አለበት። ኤልኤንቢውም (ከዲሹ ፊት ያለው ሲግናል መቀበያ) በቦታው እንዳለ መጠምዘዝ ይፈልጋል። ጣሪያ ላይ ሲወጣ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው።

«ሌላ ኤልኤንቢ እዚያው ዲሽ ላይ ጨምር» የሚልም አይጠፋም። ሁለቱ ሳተላይቶች በዚህ ያህል ተራርቀው አይሠራም። ሁለቱንም የሚፈልግ ሁለት ዲሽ ይተክልና የሁለቱን ገመድ ወደ አንድ ሪሲቨር በሚያስገባ ስዊች ያገናኛል። ገመዱ የገባበት የስዊች ቁጥር ሪሲቨሩ ሜኑ ላይ ከተሞላው ጋር ካልገጠመ ግን «ሲግናል የለም» ብሎ ድርቅ ይላል።

ሪሲቨር ገዝቶ ዋሽንግተን ላለ ዘመድ መላክም ገንዘብ መጣል ነው። ሳተላይቱ ከዚያ ሲታይ ከአድማስ በታች ስለሆነ የቱም ዲሽ አያገኘው።

ወርሃዊ ክፍያ አለው የተባለውም ልክ አይደለም፤ ስርጭቱ ነፃ ነው።