ገደሉን እንጂ አገሩን ያላየንበት መንገድ

ባለፈው መስከረም፣ ከመስቀል በኋላ በነበረው እሑድ፣ እናቴን፣ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቻችንን ይዤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስወጣ፣ የሀረጎን አቀበት ካጋመስን በኋላ ታናሿን ልጄን መንገዱ አዞራትና ታስመልስ ጀመር። መኪናውን ዳር የማስይዝበት ቦታ ስፈልግ ሦስት ጥምዞች አለፍሁ፤ በመጨረሻ ያገኘሁት ከአንድ ጥምዝ ጠርዝ ላይ ያለች፣ መኪናውን በቅጡ የማታስጠጋ ጠባብ የጠጠር ቁራጭ ነበረች። ባለቤቴ ልጅቷን ይዛ አፏን ስታጥብ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የመኪናውን በር ተደግፋ ወደ ታች ተመለከተች። የኮምቦልቻ ሜዳ ከነማሳው፣ ከነፋብሪካው ጣሪያ፣ ከነቦርከና ሸለቆ ከእግራችን ሥር ተዘርግቷል። «እኔ ይኸን መንገድ ከልጅነቴ ጀምሮ ተመላልሼበታለሁ፤ ገደሉን እንጂ አገሩን አይቼው አላውቅም» አለች። ወዲያው ከላይ የሚወርድ የጭነት መኪና፣ የፍሬኑ ሽታ ከሩቅ እየቀደመው፣ ጥሩምባውን አከታትሎ ነፋብን። ልጆቹን በልብሳቸው ጨምድደን ይዘን አስገባናቸውና ጉዟችንን ቀጠልን። ያን አገር ያየነው አምስት ደቂቃ ለማይሞላ ጊዜ ነው።

ስለ ቱሪዝም በተነሳ ቁጥር የምንሰማው ስለ ሎጅ፣ ስለ ባለኮከብ ሆቴልና ስለ ውጭ ምንዛሪ ነው። እነዚህ አያስፈልጉም አልልም። ነገር ግን ደሴንና ኮምቦልቻን ለመሰለ ተራራማ አካባቢ ከሁሉ የሚቀድመው ጉዳይ ከእነዚህ ሁሉ ያነሰና የቀለለ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አንድ ቤተሰብ አያቱንና ሕፃኑን ይዞ ያለ ሥጋት ቆሞ አገሩን የሚያይበት የመንገድ ዳር ማረፊያ ያስፈልገናል። ተራራው አለ፤ መንገዱም አለ፤ የጎደለው መቆሚያው ነው።

መንገዱ ራሱ ምን ያህል ሀብት እንደሆነ የምንዘነጋው በየቀኑ ስለምንሄድበት ይመስለኛል። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ በዚህች አጭር ርቀት ውስጥ ግን ተጓዡ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል፤ ኮምቦልቻ ላይ በሸሚዝ የተሳፈረ ሰው ደሴ ሲደርስ ሹራቡን ይፈልጋል። በአንድ ወገን የየጎፍ ደን ከነጽዱ ይታያል፤ በሌላው ወገን መሬቱ በደረጃ በደረጃ ወደ አፋር ዝቅታ እየወረደ ይሄዳል። ይህ ትልቁ ስምጥ ሸለቆ የኢትዮጵያን ደጋ የሰነጠቀበት ጠርዝ ነው። ቦርከና ከደሴ ተነስቶ፣ በኮምቦልቻ አድርጎ የሚፈስሰው ወደ አዋሽ ተፋሰስ ሲሆን፣ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ከደሴ በላይ ከቆመው ከጦሳ ተራራ ጀርባ ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውሃ ግን ወደ በሽሎ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይገባል። እንግዲህ አንድ አባት ልጁን ጦሳ ላይ አቁሞ «በዚህ በኩል የዘነበው ግብፅ ይደርሳል፣ በዚያ በኩል የዘነበው አፋር ይቀራል» ብሎ በጣቱ እያመለከተ ሊያሳየው ይችላል። ልጁ ይህን በክፍል ውስጥ ከካርታ ላይ ቢማረው በዚያው ልክ ይገባዋል ብዬ አላስብም።

ከአዲስ አበባ ወደ እኛ የሚመጣ ሰው ጣርማበር አካባቢ ሲደርስ «የምኒልክ መስኮት» የሚባለውን ቦታ ይጠይቃል፤ ወርዶ ገደሉን ያያል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ጭላዳ ዝንጀሮ ካጋጠመው ልጆቹ ለሳምንት የሚያወሩት ነገር ያገኛሉ። ቦታው ስም ስላለው ብቻ ሰው ይቆማል። የሀረጎ ጥምዞች ከዚያ የሚያንስ እይታ የላቸውም፤ ነገር ግን አንዱም ጥምዝ «እዚህ ቁሙ» የሚል ስምና ምልክት የለውም። ሾፌሩ የሚያውቃቸው በአደጋቸው ነው፤ ተሳፋሪው ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ ያልፋቸዋል።

ምን ይሠራ ለሚል ሰው መልሴ ቀላል ነው። ከጥምዙ ራቅ ብሎ፣ ከሁለቱም አቅጣጫ የሚመጣ ሾፌር አስቀድሞ ሊያየው በሚችል ቀጥ ያለ ቦታ ላይ፣ ስምንት ወይም ዐሥር መኪና የሚይዝ፣ ጠጠር የለበሰ ሜዳ ይደልደል። በገደሉ በኩል በአካባቢው ድንጋይ የታነጸ ግንብ ይኑረው፤ የግንቡ ቁመት አዋቂ ክርኑን የሚያሳርፍበት፣ ሕፃን ግን ሊወጣበት የማይችል ይሁን። ለአረጋውያን መቀመጫ፣ ለፀሐይና ለዝናብ መጠለያ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ውሃ ያለውና በየቀኑ የሚጸዳ መጸዳጃ ቤት ያስፈልጋል። ይህን የመጨረሻውን ጉዳይ ሰው ለመናገር ያፍርበታል፤ እኔ ግን እናቶችና ሴት ልጆች ረጅም ጉዞ ሲሄዱ ውሃ ሳይጠጡ የሚውሉት በዚህ ምክንያት እንደሆነ በቤቴም በጎረቤቴም አይቻለሁ። መጸዳጃ የሌለው መዝናኛ ለቤተሰብ የታሰበ አይደለም።

ማረፊያው ባለበት የአካባቢው ሰው ይኖራል፤ መኖርም ይገባዋል። በዚያው ዕለት ወደ ደሴ ከመግባታችን በፊት አንድ የበለስ ሻጭ ልጅ ዘንድ ቆመን ነበር። በለሱን በእንጨት ወግቶ ይይዝና ጫፍና ጫፉን በቢላዋ ይቆርጣል፤ ከዚያ ልጡን ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ይሰነጥቅና በአውራ ጣቱ ገልበጥ ሲያደርገው ፍሬው እሾህ ሳይነካው ከመሐል ብቅ ይላል። ልጆቼ እጁን ትኩር ብለው ሲያዩ ከበሉት ይልቅ ያዩት የጣማቸው ይመስሉ ነበር። እናቴን «እማማ፣ ይቺን ደግሞ ለአንቱ፣ በምርቃት» ብሎ አንዲት ትልቅ ፍሬ ጨመረላት፤ እርሷም መረቀችው። ይህ ልጅ የሚሸጠው ከአስፋልቱ ጠርዝ ግማሽ ሜትር እንኳ በማይርቅ ቦታ ላይ ተቀምጦ ነው፤ ሚኒባስ ባለፈ ቁጥር ሳህኑን ወደ ራሱ ይስባል። ለእርሱና ለእሱ መሰሎች፣ እሸት ለሚጠብሱትና ቡና ለሚያፈሉት እናቶች ጭምር፣ መደብ ያለው ጥላ ቢሠራላቸው የጽዳቱንና የጥበቃውን ሥራ በማኅበር ተደራጅተው ሊይዙት ይችላሉ። ለመኪና ማቆሚያ ትንሽ ገንዘብ ቢከፈል አልቃወምም። እይታው ግን በአጥር ተከልሎ በቲኬት የሚሸጥ ከሆነ ዛሬ ካለንበት የባሰ ይሆናል።

መኪና በቆመ ቁጥር አደጋ ይበዛል የሚሉ አሉ። ሰው ግን አሁንም ይቆማል፤ ልጅ ሲያስመልሰው፣ ሞተር ሲግል፣ ሙሽሮች ፎቶ ሲያምራቸው በጥምዙ ላይ ይቆማል። አደጋው ያለው፣ በቂ መቆሚያ ባለመኖሩ ላይ ነው። የሰላሙ ሁኔታ ሳይረጋ ስለ ሽርሽር ማውራት ምን ይባላል የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል፤ የ2014ቱ ጦርነት በደሴና በኮምቦልቻ ላይ ያደረሰውን የምናውቅ ሰዎች በቀላሉ የምናልፈው አይደለም። ሆኖም በዚያ ሁሉ መካከል ያደጉት ልጆቻችን ሀረጎ የሚለውን ስም የሚያስታውሱት በውጊያ ዜና ብቻ እንዲሆን መፍቀድ የለብንም። እዚያው ቆመው፣ በለስ በልተው፣ አያታቸው የተወለደችበትን መንደር በጣት ስታሳያቸው ሊያዩ ይገባቸዋል።

ደሴ ከተማ ውስጥ ያለውን አሳጥሬ ልለፍ። ጦሳ ላይ በእግር ለሚወጣ ቤተሰብ በመሐል ሁለትና ሦስት መቀመጫ ቢኖር ብዙ ለውጥ ያመጣል፤ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የአይጠየፍ አዳራሽም ከተራራው መልስ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚታይ ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ስለምትገኘው የሐይቅ ከተማ ግን አንድ ነገር መጨመር እፈልጋለሁ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ታላቅ ሥፍራ ነው፤ በሥርዓቱ መሠረትም ሴቶች ወደ ውስጥ አይገቡም። ሥርዓቱ ሊከበር ይገባል። ነገር ግን አባትና ወንድ ልጅ ሲገቡ እናትና ሴት ልጅ ውጭ ይቀራሉ፤ ለእነርሱ በሐይቁ ዳር ጥላ፣ መቀመጫና የገዳሙን ታሪክ የሚነግር አንድ ሰሌዳ ቢዘጋጅላቸው የእነርሱም ጉዞ ሙሉ ይሆን ነበር። ከዚያ ወደ ሰሜን ሲቀጠል ውጫሌ አለ፤ ልጆቻችን በትምህርት ቤት የሚሸመድዱት የ1881ዱ ውል የተፈረመበት ይስማ ንጉሥ ያለው በዚያ ነው። በመኪና ውስጥ ተኝተው ያልፉታል።

ይህን ሁሉ ለመጀመር አንድ ቦታ ይበቃል። በሀረጎ አቀበት ላይ አንድ ማረፊያ ይሠራ፤ ጉሙ ከሚገፈፍበት ከመስከረም አንስቶ እስከ ኅዳር ባሉት ወራት ስንት ቤተሰብ እንደቆመበት ይቆጠር፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው የት መሆን እንዳለበት ከዚያ ይወሰን። የከተሞቹ አስተዳደሮችና የመንገድ ሥራውን የሚመሩት ባለሙያዎች አንድ ቅዳሜ አብረው ወጥተው ቢያዩት ቦታውን ለመምረጥ ብዙ ጊዜ አይፈጅባቸውም። እናቴ እንደሆነች ከዚያ ቀን ወዲህ ኮምቦልቻ መሄድ ባሰብን ቁጥር «እዚያች ቦታ ላይ እንቆማለን?» ትላለች፤ እኔም ጥሩምባው ትዝ እያለኝ «እስቲ መንገዱን አይተን» እላታለሁ።