ዲዛስተር የወደቀ ኮከብ አይደለም

ወንድሜ፣ «ዲዛስተር ማለት ከሰማይ የወደቀ ኮከብ ነው» ያልከው ልክ አይደለም። ዲዛስተር በእንግሊዝኛ ትልቅ አደጋ፣ መዓት ማለት ነው። በቃሉ ውስጥ ኮከብስ አለበት፣ ግን አይወድቅም። ቃሉ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከጣልያንኛው «ዲዛስትሮ» ተነስቶ በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝኛ ውስጥ የገባ ነው፤ «አስትሮ» ኮከብ ነው፣ «ዲስ» ደግሞ እዚህ ጋ ክፉ እንደማለት ነው፣ ስለዚህ በጥሬው ክፉ ኮከብ ማለት ነው። ነገሩ ኮከብ ቆጠራ ነው። የኛ ሰው «ኮከባቸው አልገጠመም» ይል የለ? እንደዛ በለው። ትናንት እዚህ ጅማ ጎረቤቴ የተሰጣ ቡናዋን ዝናብ ደርሶ ሲያረጥብባት፣ ሸራውን እየጎተተች «ምን ዓይነት ኮከብ ነው ያለኝ!» አለች። የወደቀው እንግዲህ ዝናብ ብቻ ነው። በነገራችን ላይ አስትሮኖሚም (የከዋክብት ጥናት)፣ ስልክህ ላይ ያለችው ኮከብ ምልክት፣ አስቴሪስክም፣ የዚሁ ቃል ዘመዶች ናቸው።