ቁልፉ የጠፋው ሳጥን

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ "ለውጥ" ሲባል መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ "ሥልጠናው የት ነው?" የሚል ነው። አዳማ ከሆነ አበል አለ። እዚሁ አዳራሽ ከሆነ ውሃና ቆሎ ነው፤ ያኔ የለውጡ ደጋፊ በግማሽ ይቀንሳል።

ስንቱን አሳለፍን! በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቢፒአር የተባለው የአሠራር ሂደት ለውጥ መጣ። ስሙን መጥራት ስንለምድ በቢኤስሲ፣ በሥራ ውጤት መለኪያው፣ ተተካ። ከዚያ አንድ ለአምስት፣ አምስት አምስት ሆኖ መደራጀት። በየሳምንቱ ተወያይተን ቃለ ጉባኤ እንድንይዝ ለአምስታችን አንድ ደብተር ተሰጠን። የወሩን በሙሉ የምንጽፈው ግን ወሩ ሲያልቅ፣ በአንድ ከሰዓት ነበር። ሳምንቶቹ እንዲለያዩ እስክሪብቶ እንቀያየራለን። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ቡና ጠብ እናደርጋለን። እውነቱን ለመናገር፣ ከልብ ተባብረን የሠራነው ሥራ እሱ ብቻ ነው።

የመዝገብ ቤቱ ጋሼ የየዘመኑን ባነር አይጥሉም። የቢፒአሩ ኮምፒውተራቸውን ከአቧራ ይከልላል፤ የቢኤስሲው መጋረጃ ሆኗል። አዲስ ኃላፊ መጥተው "የቢሮዬ በር ለሁላችሁም ክፍት ነው" ሲሉ ጋሼ ጠጋ ብለውኝ "አምስተኛው ክፍት በር" አሉኝ። በሩስ ክፍት ነው። "ስብሰባ ላይ ናቸው" የምትለው ጸሐፊዋ ናት።

አሠራርን በትንሽ በትንሹ ማሻሻልን የሚያስተምረው የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ተቋቁሞ ወሬው እኛ ጋ ሲደርስ ግን ትንሽ ተነሳሳን። የጃፓን ነዋ! አምስቱን "ማ" ሸመደድን፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። በማጣራቱ ቀን የማያስፈልግ ዕቃ ላይ ቀይ ካርድ ይለጠፋል ተባለ። ጋሼ ቀጥ ብለው ሄደው ኮሪደሩ ላይ ያለው የአስተያየት ሳጥን ላይ ለጠፉ። ቁልፉ ከጠፋ ዘመን ሆኖታል። በካቻቢቴ ፈለቀቅነው። የማስቲካ ወረቀት፣ ያልወጣለት ሎተሪ፣ ደግሞ አራት ቦታ የታጠፈ ደብዳቤ።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት። "ክቡር ኃላፊ፣ ይህን መሥሪያ ቤት የምንለውጠው እኛው ነን። የሚከተሉትን 12 ሐሳቦች አቀርባለሁ..." ኮሪደሩ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ፤ ፊርማውን እስካይ ድረስ። የራሴ ነው። በተቀጠርኩ በሦስተኛው ወር።

ጋሼ ምንም ሳይሉ አጣጥፈው ኪሴ ከተቱልኝ።

ኃላፊው ብቅ አሉና "ሳጥኑን ለምን ታወጡታላችሁ? ማስቀመጥ የሚለው የት ሄደ?" ብለው ተቆጡ። አሁን ሳጥኑ በቢጫ ፕላስተር የተከበበ የራሱ ቦታ አለው። አዲስ ቁልፍም ተገዝቶለታል። ቁልፉ ያለው ኃላፊው ጋ ነው። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።